በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሱ የጦር መሣሪያና የብረት ለበስ ፎቶዎችን ለይቶ ማወቅ

«ዓድዋ፣ 1888 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ፎቶ ላይ ካሚዮን፣ የብረት ቆብ ወይም አውሮፕላን ከታየ ፎቶው የዓድዋ ጦርነት አይደለም። ስሕተቱ ሁልጊዜ ከተንኮል አይመጣም። የፋሺስት ጦር ዓድዋን የያዘው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1935 ነው። በዚያ ሰሞን የተነሱ ፎቶዎች ጀርባቸው ላይ የከተማዋ ስም በጣሊያንኛ ይጻፍባቸው ነበር፤ ስሙን ብቻ ያነበበ ሰው አርባ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል። አያቶቻችን የተዋደቁባቸው ሁለት የተለያዩ ጦርነቶች በአንድ ፎቶ ሲደባለቁ ማየት ያሳዝናል፤ ለማረም ግን የሚከብድ አይደለም።

ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ ጽሑፉን መጨረሻ ላይ አንብቡ። መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ በፎቶው ውስጥ ያለውን ብረት፣ ከዚያ ቦታውንና ጊዜውን መርምሩ። ጽሑፉ ከዚህ ሁሉ ጋር ከተስማማ ታምኑታላችሁ፤ ካልተስማማ ብረቱን እመኑ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀቱ

አሥር ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ያዙ። ምስሉ በተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ በእጃችሁ ያለው ከጋዜጣ፣ ከመጽሔት ወይም ከታተመ ፖስት ካርድ የመጣ ሕትመት እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም። የእውነተኛ ፎቶ ግራጫ ቀለም ሳይቆራረጥ ከጥቁር ወደ ነጭ ይሄዳል። የወታደሮች የግል ፎቶ ብዙ ጊዜ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከኔጋቲቩ ላይ ሳይጎላ በቀጥታ የታተመ ስለሆነ ትንሽ ቢሆንም ዝርዝሩ ጥርት ያለ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ከትልቅ የፕሮፓጋንዳ ሕትመት የበለጠ መረጃ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሙና ወረቀቱን ብር በሚፈተሽበት ጥቁር መብራት እዩት። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠራ የፎቶ ወረቀት ውስጥ ብዙ ጊዜ ነጭነት የሚያደምቅ ኬሚካል ስላለ ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ያበራል። ካበራ ኅትመቱ በኋላ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ኔጋቲቩ ግን የዘመኑ ሊሆን ይችላል። ካላበራ ደግሞ የዘመኑ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ኬሚካሉ የሌለባቸው ወረቀቶች ከዚያም በኋላ ነበሩ። መብራቱ 365 ናኖሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ 395 የሚባለው ራሱ ወይን ጠጅ ብርሃን ስለሚረጭ ያሳስታል። ጀርባው እንደ ፕላስቲክ የለሰለሰ ወረቀት ከሆነ መብራትም አያስፈልግም፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠራ አይደለም።

ኔጋቲቭ ካገኛችሁ አሽትቱ። የኮምጣጤ ሽታ ያለው አሴቴት የሚባለው የፊልም ዓይነት ነው፤ እየተበላሸ ስለሆነ ከሌሎቹ ለዩትና በቶሎ ስካን አድርጉት። ቡናማ ሆኖ የሚያጣብቅ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ናይትሬት ሊሆን ይችላል። ናይትሬት እጅግ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፊልም ነው፤ በተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ፀሐይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ በስካነር መብራት ላይም አታቆዩት። ብዛት ካለው ወደ ቤተ መዛግብት ባለሙያ ውሰዱት።

ስካን ሲደረግ

ለ6 በ9 ፎቶ 1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት)፣ ለትልልቁ 600፣ ለ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ቢያንስ 2400 ይበቃል። ፋይሉን ምስሉን በማያበላሸው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ (TIFF) አስቀምጡ። የስካነሩን ማጥሪያ፣ አቧራ ማስወገጃና ቀለም ማስተካከያ ሁሉ አጥፉ። አቧራ ማስወገጃው የብረት ለበሱን የቡሎን ራስ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይሰርዘዋል፤ ማጥሪያው ደግሞ በጠርዞች ላይ የሌለ ነጭ መስመር ይፈጥራል። ጀርባውንም ስካን አድርጉ፤ ማኅተም፣ የወረቀት ፋብሪካ ስምና የእርሳስ ቁጥር ያለው እዚያ ነው። ከአልበም ሳታወጡት በፊት የአልበሙን ገጽ ሙሉውን አንሱ፤ ጎን ለጎን የተለጠፉ ፎቶዎች ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው። በሙጫ የተጣበቀውን በጉልበት አትላጡት።

በዚህ ዘመን በመተግበሪያ «የጠራ» ወይም ቀለም የተቀባ ቅጂ ለመለየት አይሆንም። ፕሮግራሙ ያልነበረ ቡሎን ይጨምራል፤ የታርጋ ቁጥር ይፈለስፋል።

ብረት ለበሶቹ

በ1935–36 ፎቶዎች ላይ በብዛት የሚታየው ታንክ በእርግጥ ታንኬታ፣ ማለትም ትንሽ ታንክ ነው፦ ሲቪ 33 እና ሲቪ 35፤ ከ1938 ጀምሮ ኤል 3 የተባሉት። ሁለት ሰው ይይዛል፤ ርዝመቱ 3.17 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 1.40፣ ቁመቱ 1.30 ገደማ ነው። አጠገቡ የቆመ ሰው ደረቱን ከላይ ካሳየ እሱ ነው። የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሶቹ በግራ በኩል ከፊት ለፊቱ ሳጥን ይወጣሉ።

ሁለቱን ሞዴሎች ለመለየት የመትረየስ ብዛት አትቁጠሩ። የመጀመሪያዎቹ ሲቪ 33 አንድ ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ ነበራቸው፤ በኋላ ብዙዎቹ እንደ ሲቪ 35 ጥንድ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ስለተገጠመላቸው ይህ ምልክት ያሳስታል። የላይኛውን ሳጥን መጋጠሚያ እዩ። ሳጥኑ ዙሪያውን በጎላ ቡሎን የተያያዘ ከሆነ 35 ነው፤ ብየዳና ሪቬት የሚበዛበት 33 ነው። ከኋላው ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ የነዳጅ ተሳቢ ካለና የአንደኛው መሣሪያ አፍ ወፍራም ከሆነ የእሳት መትፊያው ዓይነት ነው፤ ተሳቢው 500 ሊትር ይይዛል።

የመሣሪያው ጠባይ ፎቶውን ለማንበብ ይረዳል። መትረየሱ ወደ ፊት በጠባብ ማዕዘን ብቻ ስለሚተኩስ ከጎንና ከኋላ ዕውር ነበር። በዲሴምበር 1935 በሽሬ በኩል በደምበጉይና መተላለፊያ የራስ እምሩ ጦር ታንኬታዎቹን የመታው ይህንን ድክመት ተጠቅሞ ነው። ስለዚህ የተገለበጠ ወይም ሰንሰለቱ የወለቀ ታንኬታ ስታዩ መሬቱን አጥኑ፦ ገደላማ ጠባብ መንገድ ነው ወይስ ሜዳ? ከኦጋዴን የመጣ ፎቶ አሸዋና እሾህ ቁጥቋጦ ያሳያል፤ ከትግራይ የመጣ ድንጋይና እርከን። የተገለበጠ ሁሉ በውጊያ የተማረከ አይደለም፤ በጭቃና በገደል አደጋም ይገለበጡ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ፊያት 3000 ነው። ኢትዮጵያም ከጦርነቱ በፊት ጥቂት ነበራት፤ የመጀመሪያው በ1920ዎቹ አጋማሽ ከጣሊያን በስጦታ የመጣ ነው። ከፈረንሳዩ ሬኖ ኤፍቲ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ የተወለደውም ከእሱ ነው። የ1921ዱ ፊያት በማማው ላይ ሁለት መትረየስ ጎን ለጎን ይዟል፤ ሬኖው አንድ መሣሪያ ብቻ። የ1930ው ፊያት 37 ሚሊ ሜትር መድፍ ስላለው በዚያ ላይ ይህ ምልክት አይሠራም፤ ከጎንና ከኋላ የተነሳ ሌላ ፎቶ ፈልጉ።

ጎማ ካላቸው ውስጥ ላንቻ 1ዜድኤም የሚባለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ ነው፤ ከሞተሩ ሽፋን ተነሥተው እስከ ማማው የሚወጡ ሁለት የሽቦ መቁረጫ ሐዲዶች አሉት። እነሱን ያየ ሰው ከሌላ አያምታታውም። ፊያት 611 ስድስት ጎማ እግር ያለው ከባድ መኪና ነው፤ መለዋወጫ ጎማዎቹ በሁለቱ ጎን ዝቅ ብለው ስለተሰቀሉ በመጀመሪያ ዕይታ ባለ ስምንት ይመስላል። በሶማሊያ ግንባር ስለተሰማራ ከሰሜን ግንባር ነው የሚል ጽሑፍ ካለበት ጠርጥሩ።

እንግዳ ከሚመስሉት አንዱ ፓቬዚ የመድፍ መጎተቻ ነው፦ አራት እኩል ትልልቅ ጎማዎች አሉት፤ መሪው ሲዞር ፊተኛው ጎማ ብቻ ሳይሆን አካሉ ከመሐል ይታጠፋል። በፎቶ ላይ «የተሰበረ ትራክተር» ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ የተሰበረ ሳይሆን እየታጠፈ ነው። በኦጋዴን በኩል ግራዚያኒ ከአሜሪካ ያስመጣቸው ባለ ሰንሰለት የካተርፒላር ትራክተሮችም ይታያሉ፤ ታንክ አይደሉም።

በ1940–41 ብረቱ ይለወጣል። የጣሊያኑ ኤም 11/39 ሦስት ሰው የሚይዝ ባለ 11 ቶን ታንክ ነው፤ 24 ብቻ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተዋል። 37 ሚሊ ሜትር መድፉ በማማው ላይ ሳይሆን በአካሉ ቀኝ በኩል ነው፤ ማማው የያዘው መትረየስ ነው። የእንግሊዙ ማቲልዳ በከረን ውጊያ ተሰልፏል፤ ጎኑ ከላይ እስከ ታች በወፍራም ብረት የተሸፈነ፣ ጭቃ መውረጃ ቀዳዳዎች ያሉበት ነው። የደቡብ አፍሪካው ማርሞን ሄሪንግተን ባለ አራት ጎማ ነው፤ ታርጋው በላቲን «ዩ» ፊደል ይጀምራል። በእንግሊዝ ጦር ቁጥሮች «ቲ» ታንክ፣ «ኤፍ» ባለ ጎማ ብረት ለበስ፣ «ኤል» ካሚዮን ነው። የጣሊያን ጦር መኪና ታርጋ «የንጉሡ ሠራዊት» የሚል ትርጉም ባላቸው ቃላት አሕጽሮት ይጀምራል።

በ1941 በጎንደር በተከበበው የጣሊያን ጦር እጅ በካሚዮን ላይ ሰሌዳ ብረት እየተገጠመ የተሠሩ ብረት ለበሶች ነበሩ። እነዚህ በየትኛውም የሞዴል ሰንጠረዥ ውስጥ አይገኙም። ሲያጋጥሙ ብረቱን ትታችሁ ከሥር ያለውን መኪና ለዩ፦ የጎማው ብዛት፣ በጎማው መሐል ያለው የቡሎን ቁጥር፣ የፊትና የኋላ አክሰል ርቀት፣ የራዲያተሩ ቅርጽ። ሰሌዳው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ የማያ ቀዳዳዎቹም እኩል ያልሆኑ ከሆነ በጋራዥ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። በመዝገባችሁ ላይ «በአካባቢው የተሠራ፣ በዚህ ዓይነት መኪና ላይ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስም አትፍጠሩለት።

ልክ መለካት

አንድ የታወቀ ነገር ካለ የቀረው ይለካል። ከጎን የተነሳ ታንኬታ በስካኑ ላይ 634 ፒክስል ከረዘመ አንድ ፒክስል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። አጠገቡ ያለው ጠመንጃ 184 ፒክስል ከሆነ 92 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የጣሊያን አጭር ካራቢነር ነው፤ 257 ከሆነ 1.285 ሜትር፣ ረጅሙ የ1891 ሞዴል። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ዕቃዎች ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ሲሆኑና ጠመንጃው ወደ ካሜራው ወይም ወደ ኋላ ሳያዘነብል ነው። አንድ ሜትር ወደ ፊት የቀረበ ሰው ልኩን በቀላሉ ያዛባል፤ ስለዚህ እግሮቻቸው በመሬት ላይ የቆሙበትን መስመር አስተያዩ።

ጠመንጃና መትረየስ

በአርበኞችና በንጉሠ ነገሥቱ ጦር እጅ የሚታየው ጠመንጃ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ግን ሦስት ቦታዎችን ማየት አብዛኛውን ይለያል፦ ከማስፈንጠሪያው ፊት ያለው ሆድ፣ ማቀባበያው፣ የእንጨቱ አካል። ውጅግራ (የፈረንሳዩ ግራ) ባለ አንድ ጥይት ነው፤ ካዝና ስለሌለው ሆዱ ለጥ ያለ ነው፣ ርዝመቱም 1.30 ሜትር ገደማ። አልቤን (የፈረንሳዩ ለቤል) ርዝመቱ ተመሳሳይ ቢሆንም የፊትና የኋላ እንጨቱ ለየብቻ ሆኖ መሐሉ ብረት ብቻ ነው። ምንሽር (ማንሊኸር) እና የጣሊያኑ ጠመንጃ ሆዳቸው ላይ ወደ ታች የወጣ ካዝና አላቸው። የ1898ቱ ማውዘርና ዘመዶቹ ካዝናቸው በእንጨቱ ውስጥ ስለተደበቀ ሆዳቸው ለጥ ያለ ነው፤ ከውጅግራ የሚለዩት በእጅ መያዣውና በማቀባበያው ቅርጽ ነው። በኢትዮጵያዊ ወታደር እጅ የአሜሪካው ጠመንጃ ኤም 1 ጋራንድ ከታየ ደግሞ ፎቶው ከዚህ ጦርነት አይደለም፤ የቃኘው ሻለቃ የኮሪያ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ ነው።

በመትረየስ ላይ አፈሙዙን እዩ። ሆችኪስ በወፍራም የብረት ቀለበቶች የተከበበ ነው። ማክሲም፣ ቪከርስና የጣሊያኑ ፊያት 1914 የውሃ ማቀዝቀዣ ወፍራም ቱቦ አላቸው።

አውሮፕላኖች

ሞተሩን ቁጠሩ፣ ክንፉ ከሰውነቱ በላይ ወይም በታች መሆኑን እዩ። ባለ ሦስት ሞተርና ክንፉ ከላይ ከሆነ ካፕሮኒ 101 ወይም 133፤ ባለ ሦስት ሞተርና ክንፉ ከታች ከሆነ ሳቮያ ማርኬቲ 81። የኢትዮጵያው ፖቴዝ 25 ባለ ሁለት ክንፍ ሲሆን የታችኛው ክንፍ ከላይኛው በጣም ያጥራል። ዘመን ለመለየት ጅራቱ ይበቃል፦ በ1935–36 የጣሊያን አውሮፕላን የጅራት መሪ በባንዲራው ሦስት ቀለም የተቀባ ነበር፤ በ1940 ቀለሙ ቀርቶ ነጭ መስቀል ተተካ።

በቀለም ነገር ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ የዘመኑ ፊልም ለቀይ ብርሃን ዕውር ስለነበር ቀይ ጥቁር፣ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ቢጫም ይጠቁራል። የአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ባንዲራ ሦስት የማይለያዩ ጥቁር መስመሮች ሊመስል ይችላል። ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ተነሥታችሁ የታንክ ቀለም አትወስኑ።

የተገለበጠ ፎቶ

ኔጋቲቩ በተቃራኒ ፊቱ ታትሞ ግራው ቀኝ የሆነ ፎቶ ብዙ ነው። ጽሑፍ ካለ በእሱ፣ ከሌለ በጠመንጃ ማቀባበያ እጀታ ለዩት፤ በቀኝ መሆን አለበት። የኤም 11/39 መድፍም በቀኝ ነው፤ ከፊት ለፊት ሲታይ በተመልካቹ ግራ። ከመኪና መሪ ግን አትነሡ። እንደ ፊያት 634 እና ላንቻ ሮ ያሉ የዘመኑ ከባድ የጣሊያን ካሚዮኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ ይህን የማያውቅ ሰው ትክክለኛውን ፎቶ ይገለብጠዋል።

ጊዜና ቦታ

በጣሊያን ፎቶ ጀርባ ላይ የሚገኝ የሮማ ቁጥር ብዙ ጊዜ የፋሺስት ዘመን ነው። ዓመቱ በኦክቶበር መጨረሻ ይጀምራል። ቁጥሩ ላይ 1922 ደምሩ፤ ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ያለውን ታገኛላችሁ። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር ለሆነ 1921 ደምሩ። ስለዚህ «14» ያለበት ፎቶ ከኦክቶበር 1935 እስከ ኦክቶበር 1936 ነው፤ «19» ያለበት እስከ ኦክቶበር 1941 ይደርሳል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ለመቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ሚያዝያ 27 በተለይ ያሳስታል፦ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ የገባበት፣ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት ቀን ነው። ዓመተ ምሕረቱ የጠፋበት ፎቶ ካጋጠመ ካሚዮኖቹን እዩ፤ የጣሊያን ናቸው ወይስ የእንግሊዝ ጦር?

ጥላም ይነገራል፤ ግን በአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች «የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ነው» ሲሉ ለእኛ አገር ሁልጊዜ አይሠራም። በአዲስ አበባ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። በማይጨው በኩል ይህ የሚጀምረው በኤፕሪል መጨረሻ ገደማ ነው። ተራራው ታውቆ አቅጣጫው ከተወሰነ አጭር ጥላ ወሩን ለማጥበብ ይረዳል።

የተቀነባበረና የመርዝ ጋዝ ፎቶ

በ1924 የተቋቋመው የጣሊያን መንግሥት የፊልም ተቋም ሉቼ ለዚህ ጦርነት የራሱን ክፍል ልኮ ነበር። ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ፣ ለመለየትም ጠቃሚ ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን ገዥው እንዲታይ የፈለገውን ነው። ካሜራው ከሚያጠቁት ወታደሮች ፊት ለፊት፣ ጠላት መሆን በሚገባው ቦታ ቆሞ ከሆነ ትዕይንቱ ልምምድ ወይም ቅንብር ነው። ብረቱን ለማጥናት ተጠቀሙበት፤ የውጊያ ማስረጃ አታድርጉት።

ጭስ ያለበት ፎቶ ሁሉ «የመርዝ ጋዝ» አይባልም። የሰናፍጭ ጋዝ የያዘው ትልቁ ቦምብ ሲ 500 ቲ 212 ኪሎ ያህል መርዝ ይዞ በሰዓት ማፈንጃ ከመሬት 250 ሜትር ገደማ ላይ እንዲፈነዳ የተሠራ ነበር፤ የሚወርደውም እንደ ጠል የሚነሰነስ ፈሳሽ ነው። ከመሬት የተነሳ ጥቁር አቧራና ጭስ ዓምድ የተለመደ ፈንጂ ነው። ይህን መለየት የወንጀሉን እውነት አያሳንስም፤ ጋዙ መጣሉ በሰነድ የተረጋገጠ ሲሆን የጣሊያን መንግሥትም በ1996 አምኗል። የተሳሳተ ፎቶ ማያያዝ ግን ለካጆች መንገድ ይከፍታል። የቆሰለና የተሰቀለ ሰው ያለበትን ፎቶ ስታወጡ ደግሞ የሟቹ ዘሮች በሕይወት እንዳሉ አስቡ፤ ብረቱን ለማሳየት የሰውየው ፊት የማያስፈልግ ከሆነ ቁረጡት፣ ሙሉውን በማኅደር አቆዩ።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ፎቶ ሦስት ነገር ለየብቻ ጻፉ፦ በጀርባው ያለው ጽሑፍ እንዳለ ሳይታረም፤ እናንተ በዓይናችሁ ያያችሁት፤ ከዚያ የደረሳችሁበት ግምትና የእርግጠኝነቱ ደረጃ። ለምሳሌ፦ «ጀርባ፦ ዓድዋ፣ በሮማ ቁጥር 14። የሚታይ፦ አንድ ታንኬታ፣ ሳጥኑ በቡሎን የተያያዘ፣ ጥንድ መትረየስ፤ በስተግራ አንድ ካሚዮን፣ መሪው በቀኝ። ግምት፦ ሲቪ 35፣ እርግጠኛ፤ ከኦክቶበር 1935 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1936፣ ማኅተሙ እውነተኛ ከሆነ፤ ቦታው አልተረጋገጠም።» በፎቶው ጀርባ ራሱ ላይ መጻፍ ካስፈለገ በጠርዙ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ የመለያ ቁጥሩን ብቻ። ስክሪብቶ በጊዜ ብዛት ወደ ምስሉ ይዘልቃል፤ ፕላስተርና ላሚኔሽን ደግሞ ከተለጠፉ በኋላ ፎቶውን ሳይጎዱ አይነሡም።